ሮቶው በበረኪና ከመታጠቡ በፊት፦ ስለ ሌጂዮኔላ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በኮምቦልቻ ከተማ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል የጥገና ኃላፊ ናቸው። ለፋብሪካ ማሽን ተከላ መጥቶ በሆቴሉ ስድስት ሌሊት ያደረ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብቶ፣ ሌጂዮኔላ በሚባል በውሃ ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ የሚመጣው የሌጂዮኔርስ በሽታ እንደያዘው ተረጋግጧል። የአገሩ የጤና ባለሥልጣናትም ያደረባቸውን ሆቴሎች ሁሉ ዘርዝረው መረጃ ጠይቀዋል። የሆቴሉ ባለቤት ሮቶዎቹ ዛሬውኑ በበረኪና እንዲታጠቡና የሻወር ራሶቹ በሙሉ ተነቅለው እንዲጣሉ አዝዘዋል። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልጉት ትእዛዙ ትክክል መሆኑን፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ እንደሆነ፣ ሆቴሉ መዘጋት ይገባው እንደሆነ፣ ባለቤቱ ደሴ ላይ ያላቸው ሌላ ሆቴልም ተመሳሳይ ስጋት እንዳለበት ነው።

በትእዛዙ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። የውሃ ናሙና ሳይወሰድ ሮቶውን በበረኪና ማጠብም፣ ቦይለሮቹን ማፍሰስም፣ የሻወር ራሶቹን መጣልም የለብዎትም። ባለቤቱ ይህን ያዘዙት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ባክቴሪያው በሆቴሉ ነበረ ወይስ አልነበረም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ውጤቱ «አልተገኘም» ቢል ድሮም ስላልነበረ ይሁን ወይም ትናንት ስለተገደለ ማንም ሊለይ አይችልም። በዚያ ላይ በቧንቧው ግድግዳ ተጣብቆ የተረፈ ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ስለሚራባ ሆቴሉ ከጥርጣሬው ሳይወጣ ችግሩም አብሮት ይቀራል። የሻወር ራሶቹም ቢሆኑ ውስጣቸው ያለው አተላ የሚመረመር ማስረጃ ስለሆነ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሳይሆን ወደ ንጹሕ ከረጢት ነው የሚገቡት።

ናሙናው እስኪወሰድ ግን ሰው ለአደጋ ተጋልጦ መቆየት የለበትም። እንግዳው ያደረበትን ክፍልና በዚያው የውሃ መስመር ላይ ያሉትን ክፍሎች ዛሬ ማታውኑ ከኪራይ ያውጡ፤ በሩ ይቆለፍ፣ ቧንቧም ሻወርም አይከፈት። በሌሎቹ ክፍሎች ሻወሩን ለጊዜው አቁማችሁ እንግዶች በባልዲና በጆግ እንዲታጠቡ ማድረግ ይቻላል። ይህ ለባለ ኮከብ ሆቴል የሚያሳፍር ቢመስልም የበሽታውን መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚታመመው ባክቴሪያው ያለበትን ውሃ በመንካት ሳይሆን ውሃው ወደ ደቃቅ ብናኝ ተለውጦ በአየር ሲሳብ ነው። ሻወር፣ የማቀዝቀዣ ማማ (ውሃ እየረጨ ሙቀት የሚያስወጣ የፋብሪካና የትልልቅ ሕንጻ መሣሪያ)፣ ፏፏቴና የአረፋ ገንዳ የሚፈሩት ይህን ብናኝ ስለሚፈጥሩ ነው። በመጠጣት የሚይዘው ውሃው ትን ብሎ ወደ ሳንባ ሲገባ ብቻ ነው፤ ይህም በአብዛኛው በሆስፒታል በተኙና መዋጥ በሚቸግራቸው ሕሙማን ላይ የሚታይ ነው።

ከሰው ወደ ሰው ስለመተላለፉ ሠራተኞችዎን ማረጋጋት ይችላሉ። በሕክምና መዛግብት ሊሆን ይችላል ተብሎ የተመዘገበው አንድ ክስተት ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2014 ፖርቱጋል ውስጥ በተነሳ ትልቅ ወረርሽኝ ጊዜ ታማሚ ልጇን ቀርባ ያስታመመች እናት የተያዘችበት ነው። ስለዚህ የታመመው እንግዳ የተኛበትን አንሶላ ያጠበች ሠራተኛ የምትፈራው ነገር የለም። መጠንቀቅ ያለባት ለቀናት ያልተከፈተ ሻወር ለጽዳት የምትከፍተዋ ሠራተኛ ናት።

ሌጂዮኔላ በወንዝ፣ በሐይቅና በእርጥብ አፈር ውስጥ በጥቂቱ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከ60 በላይ ዝርያዎች ቢኖሩትም ሰውን በብዛት የሚያሳምመው ሌጂዮኔላ ኒሞፊላ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1976 ፊላደልፊያ ላይ ለስብሰባ በአንድ ሆቴል ከተገናኙት የአሜሪካን ሌጂዮን ማኅበር አባላት ነው፤ እነዚህ የቀድሞ ወታደሮች ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በሳንባ ምች መውደቅ ጀመሩ፣ በድምሩም 34 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ለወራት ሳይታወቅ ቆይቶ በጥር 1977 ጆሴፍ ማክዴድ የተባለ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪ ባክቴሪያውን ለየው። ይህን የማነሳው ለታሪኩ ብዬ አይደለም። ያኔም ሕመሙ ጎልቶ የወጣው እንግዶቹ ሆቴሉን ለቀው ከሄዱ በኋላ ነበር፤ ባክቴሪያው ከገባ ጀምሮ ሕመሙ እስኪገለጥ በአብዛኛው ከ2 እስከ 10 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ስለሚወስድ ሆቴሎች ከራሳቸው ቤት የወጣውን በሽታ በዓይናቸው አያዩትም። «እኛ ጋ የታመመ ሰው የለም» የሚለው መልስ ቅን ቢሆንም ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሕንጻ ውሃ ውስጥ የባክቴሪያውን ዕድል የሚወስነው ከሁሉ በላይ ሙቀት ነው። ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ሳይሞት ይቆያል እንጂ አይራባም። ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውሃ ይራባል፣ በተለይም የሰውነት ሙቀት አካባቢ እጅግ ይመቸዋል። ከ50 በላይ መራባቱን ያቆማል፤ 60 ላይ አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ 70 ላይ ደግሞ ወዲያው። በደጋ የሚኖር ሰው አንዳንዴ የሚጠይቀኝ ነገር አለ፦ ደሴ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በፊት፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ታዲያ የሙቀቱ ሕግ አይለወጥም ወይ ይላሉ። አይለወጥም፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው የዲግሪው መጠን እንጂ የውሃው መንተክተክ አይደለም።

የሁለቱ ሆቴሎች ልዩነት ግን ከዚሁ ይመነጫል። ደሴ ላይ በጥላ ያለ ሮቶ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ውሃውን ከ20 ዲግሪ በታች ያቆየዋል፤ ስለዚህ የቀዝቃዛው መስመር ስጋት ዝቅተኛ ነው፣ ጥርጣሬውም ወደ ሙቅ ውሃው ያደላል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ የሚያርፍበት ጣራ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ ውስጥ ያለው «ቀዝቃዛ» ውሃ ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። እዚያ ቀዝቃዛውም መስመር ተጠርጣሪ ነው። እንዲያም ሆኖ ደሴ ያለው ሆቴል በአየሩ ቅዝቃዜ ብቻ ነጻ አይወጣም፤ ብርዱ እንግዳው ሁሉ ሙቅ ሻወር እንዲፈልግ ያደርጋል፣ ከዚህ በታች የምገልጸው የቦይለር ችግር ደግሞ በሁለቱም ከተሞች አንድ ዓይነት ነው።

በአካባቢያችን ሆቴሎች በብዛት የሚታየው በየክፍሉ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 50 ወይም 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። እንግዳ ሲመዘገብ እንግዳ ተቀባዩ «ቦይለሩን አብሩለት» ይላል፤ ሠራተኛው ያበራል፤ እንግዳው ታጥቦ ሲጨርስ ያጠፋል ወይም መብራት ይሄዳል። የመብራት ወጪ ለመቆጠብ ተብሎም ቴርሞስታቱ ወደ 40 ዲግሪ ዝቅ ተደርጎ ይቀራል፤ ሰው የሚታጠበው በዚያው ሙቀት ስለሆነ ማንም አያማርርም። እንግዲህ የዚያን ቦይለር ውስጥ ያስቡት። ከ60 በላይ ደርሶ አያውቅም፤ ከጠፋ በኋላም በሙቀት መከላከያ ሽፋኑ የተነሳ ቀስ እያለ ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ሰዓታትን በ45 እና በ25 ዲግሪ መካከል ያሳልፋል፤ እንግዳ ከሌለ ለሳምንት እዚያው ይተኛል። ሬዚስታንሱ በነጭ ድንጋይ መሰል ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ከታች ደግሞ ከሮቶው የወረደ ቀይ ደለል ተኝቷል። ቅርፊቱና ደለሉ ለባክቴሪያው መሸሸጊያ ናቸው፤ በላያቸው ላይ የሚያድገው አተላ ውስጥ አሜባዎች አሉ፣ ሌጂዮኔላም በእነዚህ አሜባዎች ሆድ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ክሎሪን ብዙ ጊዜ የማይደርስበት እዚያ ስለሆነ ነው ሮቶ በማጠብ ብቻ ነገሩ የማይቋጨው። በእኔ ግምት፣ ግምት መሆኑን አስምሬበት፣ የእርስዎ ሆቴል ችግር ካለበት ከሮቶው ይልቅ በእነዚህ ቦይለሮችና ከእነሱ እስከ ሻወር ራስ ባለው ጥቂት ሜትር ቧንቧ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ስለዚህ ከቤተ ሙከራ በፊት የሚያስፈልግዎ መሣሪያ ቴርሞሜትር ነው። ከተቆለፉት ክፍሎች ውጭ ባሉት፣ ቦይለሩ እንደተለመደው በርቶ ሳለ፣ የሻወሩን ራስ አውልቀው ወይም ከእጅ መታጠቢያው ሙቁን ቧንቧ ከፍተው አንድ ደቂቃ ያህል ካፈሰሱ በኋላ ውሃውን በኩባያ ተቀብለው ይለኩ፤ ከ50 ዲግሪ በታች ከሆነ ይመዝገብ። ቀዝቃዛውን ደግሞ ሁለት ደቂቃ አፍስሰው ይለኩ፤ ከ20 በላይ ከሆነ ይመዝገብ። ሮቶዎቹንም ክዳናቸውን ከፍተው በጠዋትና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለኩ። ክፍል በክፍል፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ከየትኛውም ማብራሪያ የበለጠ ይናገራል፤ ከባለቤቱ ጋር ስለ ቴርሞስታቱ ሲነጋገሩም የሚያግዝዎ እሱ ነው።

ቀጥሎ የውሃውን መንገድ ከመንገድ ላይ ቆጣሪ እስከ መጨረሻው ሻወር ድረስ በወረቀት ይሳሉ። ሕንጻውን የሠራው የቧንቧ ባለሙያ ከተገኘ አብሮዎት ቢዞር መልካም ነው፤ ፕላኑ ላይ ያለውና ግድግዳው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ አይገናኙምና። የሚፈልጉት ውሃ የማይንቀሳቀስበትን ቦታ ነው። የመታጠቢያ ገንዳው ተነቅሎ በሻወር ሲተካ በታፓ ተደፍኖ ግድግዳ ውስጥ የቀረ ቧንቧ፣ ሥራ ያቆመ የልብስ ማጠቢያ ክፍል መስመር፣ ማንም የማያርፍበት የአራተኛ ፎቅ ጫፍ ክፍል፣ ሁሉም ለባክቴሪያው የተዘጋጁ ጓዳዎች ናቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ ሆቴሎች ሁለትና ሦስት ሮቶ ጎን ለጎን አስቀምጠው ከታች በአንድ ቧንቧ ያገናኟቸዋል። መግቢያውም መውጫውም በመጀመሪያው ሮቶ ላይ ከሆነ የሁለተኛው ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይታደስም። መግቢያው በአንዱ፣ መውጫው በሌላው ሆኖ ውሃው ሁሉንም አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ የአንድ ቀን የቧንቧ ሥራ ነው።

ሕንጻው ተዘግቶ የቆየባቸውን ጊዜያትም ይመዝግቡ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕንጻዎች ውሃ በቧንቧቸው እንደተኛ ለሳምንታት ተዘግተዋል። ያኔ የተፈጠረ አተላ ከዚያ ወዲህ ቦይለሮቹ ካልተከፈቱና ካልተጠረጉ ዛሬም ሊኖር ይችላል። የከተማው ውሃ ምንጭ ወይም የክሎሪን መጠን መለወጥም እንዲሁ ይጠየቃል፤ በአሜሪካ የፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ ምንጯን ስትለውጥ በመስመሩ ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን ቀንሶ በዚያና በተከታዩ ዓመት በተነሳ የሌጂዮኔርስ ወረርሽኝ 12 ሰዎች ሞተዋል።

ወደ ናሙናው እንምጣ። ጠርሙስ ከመሙላትዎ በፊት ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በእነሱ በኩልም ደሴ ያለውን የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይጠይቁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ የሌጂዮኔላ የውሃ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከውሃው አብቅሎ የሚለይ ምርመራ፣ የሚሠራልን የት ነው፣ ጠርሙሱንስ ማን ይሰጠናል? የተለመደው የመጠጥ ውሃ ምርመራ ኮሊፎርም የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ፈልጎ «ንጹሕ ነው» ቢል ስለ ሌጂዮኔላ ምንም አልተናገረም። ሌጂዮኔላ የሚያድገው ከሰል፣ የእርሾ ጭማቂ፣ ብረትና ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ በተጨመረበት ልዩ ምግብ ላይ ብቻ ነው፤ ካልቸሩም እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ የምርመራ ወረቀት ይዞ «ተመርምረናል» የሚል ሆቴል ሳይዋሽ ተሳስቷል።

አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ናሙና አንድ ሊትር ይሆናል፤ ጠርሙሱ ከጀርም የጸዳና ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በመንገድ ላይ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን እየገደለ ይሄዳል። እንግዳው ካደረበት ክፍል ሻወር የመጀመሪያው ውሃ፣ ሳይፈስና ሳይሞቅ፣ ወዲያው ይቀዳል። ይህ ከሻወር ራሱና ከጫፍ ቧንቧው ያለውን ያሳያል። ከዚያ ሙቀቱ እስኪረጋ ፈስሶ ሁለተኛ ናሙና ይወሰዳል፤ ይህ ደግሞ ከኋላ ያለውን መስመርና ቦይለሩን ያሳያል። የመጀመሪያው ብዙ ባክቴሪያ፣ ሁለተኛው ጥቂት ካሳየ ችግሩ ጫፉ ላይ ነው፤ ሁለቱም ብዙ ካሳዩ መላው መስመር ተይዟል። ከቦይለሩ ታችኛ ማፍሰሻ፣ ከሮቶው፣ ከቆጣሪው አጠገብ ካለ ቧንቧና ለብዙ ቀን ካልተከፈተ ራቅ ያለ ክፍል አንዳንድ ይጨመር። የሻወሩን ራስ ሲያወልቁ ከውስጥ በኩል ያለውን ጥቁር ልስልስ አተላ በጸዳ ጥጥ ጠርገው ጥጡን ከዚያው ሻወር በተቀዳ ጥቂት ውሃ ውስጥ ያኑሩት። ናሙናው ፀሐይ ሳይነካው፣ ሳይሞቅና በረዶ ሳይሆን በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ ይድረስ፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ማለዳ ተቀድቶ በዚያው ቀን ይነሳ። የሚቀዳው ሰው የአፍንጫና አፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ፣ የሚያጨስ፣ የስኳር ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሠራተኛ ግን ለዚህ ሥራ አይመደብ፤ በሽታው የሚበረታው በእነዚህ ላይ ነውና።

ውጤቱ ሲመጣ በአንድ ሊትር ውሃ ስንት ኮሎኒ (ከባክቴሪያው የበቀለ ክምችት) እንደተገኘ ይጻፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የመጠጥ ውሃ መመሪያ ለሕንጻ ውሃ የተቀመጠው ወሰን በሊትር ከ1,000 በታች ነው። ይህ ቁጥር ግን እንደ ፈተና ማለፊያ ነጥብ መታየት የለበትም። 800 የተገኘበትና ሙቅ ውሃው 41 ዲግሪ የሆነ ሆቴል፣ 1,200 ተገኝቶበት ሙቀቱን አስተካክሎ ከጨረሰ ሆቴል ይልቅ ያሳስበኛል። ደግሞም በውሃው ውስጥ ሌጂዮኔላ መገኘቱ ብቻውን እንግዳው ከእናንተ ለመያዙ ማረጋገጫ አይሆንም። ያ የሚረጋገጠው ከታማሚው አክታ የበቀለው ባክቴሪያና ከውሃው የበቀለው በዘረመል ምርመራ ሲመሳሰሉ ነው። እንግዳው የተመረመረው በሽንት ብቻ ከሆነ የሚነጻጸር ባክቴሪያ የለም፤ የሽንት ምርመራው በዋናነት የሚያገኘው የኒሞፊላን ምድብ 1 ብቻ ነው፣ ባክቴሪያውንም አያበቅልም። ስለዚህ በመልስ ደብዳቤዎ ላይ «የታማሚው አክታ ለካልቸር ተወስዷል ወይ?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ካልተወሰደና ሕክምናው ገና ከሆነ ሊወሰድ ይችል ይሆናል።

እንግዳው ቀን ቀን የት ነበር የሚለውም መጠየቅ አለበት፤ ይህን የምለው ኃላፊነትን ከሆቴሉ ለማሸሽ አይደለም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የማቀዝቀዣ ማማ ያለበት ፋብሪካ ሁሉ፣ በተለይም ክሩ እንዳይበጠስ አየሩን በውሃ ብናኝ የሚያረጥብ የፈትል ፋብሪካ፣ ውሃው በአግባቡ ካልተያዘ ከማንኛውም ሻወር የሰፋ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በሳርፕስቦርግና አካባቢው የተነሳው ወረርሽኝ ምንጩ የአንድ ፋብሪካ የአየር ማጠቢያ ሆኖ ሲገኝ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የነበሩ ሰዎችም ታመው ነበር። አዲስ አበባ ያደረበት ሆቴልም፣ ከመምጣቱ በፊት የነበረበት ቦታም በ14 ቀኑ ውስጥ ካለ ተጠርጣሪ ነው። ማሽኑን የተከለበትን ፋብሪካ ራሳችሁ ከመክሰስ ይልቅ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ጠቁሙ፤ ምርመራው የእነሱ ሥራ ነው።

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ውጤት ሳይጠብቁ ማጽዳቱን ይጀምሩ፤ የባለቤቱ በረኪና ቦታውን የሚያገኘው አሁን ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሮቶዎቹ ባዶ ይደረጉ፣ ደለሉ ይጠረግ፣ ቦይለሮቹ ይከፈቱ፣ ቅርፊቱ ይፋቅ፣ ውሃ የማይንቀሳቀስባቸው የሞቱ መስመሮች ከመነሻቸው ይቆረጡ። ቆሻሻው ሳይወጣ የሚጨመር ክሎሪን ደለሉን ሲያጠቃ ያልቃል። ከዚያ ሮቶው ተሞልቶ በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲኖረው ይደረጋል፤ 5 በመቶ ጥንካሬ ባለው በረኪና ለ5,000 ሊትር ሮቶ 5 ሊትር ማለት ነው። ጥንካሬው ከጠርሙሱ ላይ ይነበብ፤ ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና የተጻፈውን ያህል አይኖረውም። የክሎሪኑ ሽታ በእያንዳንዱ ቧንቧ እስኪመጣ ሁሉም ተራ በተራ ይከፈታል፣ ተዘግቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠባል። በዚህ ጊዜ እንግዳ በሕንጻው ውስጥ ውሃ እንዳይጠቀም በየበሩ ማስታወቂያ ይለጠፍ። ቅርፊት ማሟሟቻ አሲድና በረኪና ፈጽሞ አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ቦይለሮቹ ደግሞ እስከ 70 ዲግሪ ይሙቁና የእያንዳንዱ ሻወር መውጫ ከ60 ያላነሰ ውሃ ለአምስት ደቂቃ ያፍስስ። ትንሽ ቦይለር ይህን ለአምስት ደቂቃ መስጠት ካልቻለ ውሃው በቀጭኑ ይለቀቅ፣ ካስፈለገም እንደገና ሞቆ ይደገም። የሻወሩ ራስ በባልዲ ውስጥ ተዘቅዝቆ ይሁን፤ ብናኝም እንፋሎትም እንዳይስቡ።

ዘላቂው ጥገና ከዚህ ቀላልም ከባድም ነው። ቴርሞስታቱ 60 ላይ ይቆማል፣ እንግዳ ያለበት ክፍል ቦይለርም በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ እዚያ ይደርሳል። 60 ዲግሪ ውሃ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያቃጥል በሻወሩ አጠገብ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ልጆችና አረጋውያን በሚያርፉበት ቤት ይህ አማራጭ የለውም። ሶላር የተገጠመበት ሕንጻ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ከ60 ስለማይደርስ የኤሌክትሪክ ማገዣው በክረምት መጥፋት የለበትም። ባዶ ክፍሎች ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሙቁም ቀዝቃዛውም ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ፤ ውሃ በሚያጥረው ከተማ ይህ ብክነት ይመስላል፣ የተቀዳው ግን ለወለል ማጠቢያና ለሽንት ቤት ይውላል። ሮቶዎቹ ጥላ ይሠራላቸው፣ ክዳናቸው ይገጠም፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን ፍጆታ በላይ ውሃ አይከማች። ኮምቦልቻ ላይ ቀዝቃዛውን ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ20 በታች ማድረግ ስለማይቻል እዚያ የሚያግዝዎ ክሎሪን ነው፤ በቧንቧው ጫፍ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መኖሩ በየቀኑ በቀላል የመዋኛ ገንዳ መመርመሪያ ይለካ።

ጽዳቱ በተጠናቀቀ ማግስት የሚወሰድ ናሙና ያሞኛል፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ጠብቀው፣ በሳምንት ውስጥ ይውሰዱ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ለሦስት ወር፣ በየወሩ ደግሞ ለሌላ ሦስት ወር መድገም ይመከራል። ወጪው ከከበደ የናሙናውን ቁጥር ይቀንሱ እንጂ ጊዜውን አያሳጥሩ፤ ባክቴሪያው ሰው ከተረጋጋ በኋላም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የሠራተኞችዎን ጉዳይ አልረሳሁም። ባለፉት ሳምንታት በትኩሳትና በሳል ከሥራ የቀረ ካለ ስሙ ተመዝግቦ ወደ ሐኪም ይላክ፤ ለሐኪሙም «ሌጂዮኔላ የተጠረጠረበት ሕንጻ ውስጥ እሠራለሁ» ብሎ ይናገር። ይህች ዓረፍተ ነገር ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች፤ ባክቴሪያው በሰውነት ሕዋሶች ውስጥ ተደብቆ ስለሚራባ አሞክሳሲሊንም ሆነ ሴፍትሪያክሶን ብቻቸውን አይደርሱበትም፣ አዚትሮማይሲን ወይም ሊቮፍሎክሳሲን ግን ይደርሱበታል። ከሳሉ ጋር ተቅማጥ ወይም ግራ መጋባት ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በዞናችን ሆስፒታሎች የሳንባ ምች ያለበትን ሁሉ ለሌጂዮኔላ መመርመር የተለመደ ስላልሆነ፣ ካልተነገረ ማንም አይፈልገውም።

ሆቴሉ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት ብዬ አላምንም። አንድ ታማሚ ብቻ ሲኖር፣ ሻወሮቹ ከቆሙና ጽዳቱ ክፍል በክፍል ከተሠራ መኝታውም ምግብ ቤቱም ሊቀጥሉ ይችላሉ። ሁለተኛ ታማሚ ከተሰማ ነገሩ ይለወጣል፤ የአውሮፓ የክትትል መረብ በአንድ ሆቴል ያደሩ ሁለት ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ከታመሙ እንደ አንድ ክስተት ቆጥሮ ሆቴሉን በጥብቅ ይከታተላል፣ ያኔ መላው የውሃ መስመር ነጻ መሆኑ እስኪታወቅ መዝጋቱ ተገቢ ነው። የደሴው ሆቴል አሁን ናሙና አያስፈልገውም፤ በዚህ ሳምንት የሙቀት ሠንጠረዡ ይሠራለት፣ ቦይለሮቹም ወደ 60 ይነሱ።

ባለቤቱ ለሌሎች እንግዶች እንዳይነገር ይፈልጉ ይሆናል። በእንግዳው የቆይታ ሳምንትና ከዚያ በኋላ ያደሩት ስልካቸው በመዝገብ ላይ አለ፤ በ14 ቀን ውስጥ ያሉት በጤና ጽሕፈት ቤቱ በኩል ቢደወልላቸው፣ ትኩሳት ወይም ሳል ያለው ቶሎ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ቢነገረው፣ የእንግዳው ስምም ሳይጠቀስ ቢቀር ይበቃል። ለውጭው ጥያቄ የምትልኩት መልስም የተወሰዱትን ናሙናዎች፣ የሙቀት ሠንጠረዡን፣ የተሠራውን ሥራና ቀኑን ይዘርዝር፤ ከማስተካከያው በፊት የተለካው 40 ዲግሪ ከሆነም 40 ተብሎ ይጻፍ።